ድምፁ የጠፋበት ተራ አስከባሪ

ይልማ በሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ሃያ ሁለት ዓመት ሲጣራ የኖረ ሰው ነው። «አጣዬ! ካራቆሬ! ማጀቴ!» ሲል ድምፁ የመናኸሪያውን አጥር አልፎ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ማዶ ሽንኩርት ከሚጭኑት ሰዎች ጆሮ ይገባ ነበር። ከቀወት ገጠር ማሾና ማሽላ በአህያ ጭነው የሚመጡ ገበሬዎች መልኩን ሳያዩ በድምፁ ያውቁታል። ሥራው ተራ ማስከበር ነው። የትኛው መኪና ቀድሞ እንደሚጭን ይወስናል፣ ተሳፋሪ ይጠራል፣ ባዶ ወንበር ይሞላል። ሌላ ሙያ የለውም፤ ሌላም አልተመኘም።

ሚስቱ ናሆም የሚባለውን አንድ ልጃቸውን ይዛ አዳማ ከገባች አሥራ ስድስት ዓመት አልፏታል። እሱ በእትዬ ፈለቀች ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ለብቻው ይኖራል። ብቸኛ ነኝ ብሎ ግን አስቦ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ በሰው መሐል ሲጮህ የዋለ ሰው ቤቱ ሲገባ ደክሞት ይተኛል እንጂ፣ ብቸኝነቱን የሚቆጥርበት ጊዜ ከየት ያገኛል?

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ውስጥ፣ እሱ ሞልቶ የሸኛት አንዲት የማጀቴ ሚኒባስ የአሸዋ ወንዝ ስታቋርጥ ደራሽ ውሃ ደረሰባት። በበጋ ጉልበት እንኳ የማይደርስ፣ ከብት ሳይጠጣ የሚያልፈው ወንዝ ነው። የዚያን ዕለት ግን ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ መጣና መኪናዋን እንደ ቅርጫት ገለበጣት። ስድስት ሰው ሞተ። ሾፌሩና ሌሎች ተሳፋሪዎች ዛፍ ይዘው ተረፉ። ሸዋ ሮቢት ሰው ሁሉ አዘነ፤ ይልማም እንደ ሰው አዘነ ተባለ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ግን መናኸሪያው መሐል ቆሞ «ማጀቴ» ሊል አፉን ሲከፍት ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ጉሮሮውን ጠርጎ ደገመ። ትንፋሽ ብቻ።

መጀመሪያ ሰው ሳቀ። ሃያ ሁለት ዓመት የጮኸ ጉሮሮ ቢደክመው አይፈረድበትም አሉ። እትዬ ፈለቀች ዝንጅብልና ማር አፈሉለት። ዳማከሴ አሸተተ፣ ሁለት ሱባዔ ፀበል ተጠመቀ፣ ከአንድ ክሊኒክ የሰጡትን ክኒን ጨረሰ። ድምፁ እንደ ሄደ ቀረ። ጥቅምት ላይ ደብረ ብርሃን ወጣ፤ እዚያ አንድ የጉሮሮ ሐኪም ቀጭን ቱቦ በአፍንጫው አስገብተው አዩትና፣ «እስኪ ይሳሉ» አሉት። ሳለ። ሳሉ ድምፅ ነበረው።

«ጉሮሮዎ ጤነኛ ነው» አሉት ሐኪሙ። «ሰው ከባድ ነገር ሲደርስበት አንዳንዴ ድምፅ እንዲህ ይሸሻል። እናንተ ዘንድ ሆስፒታል የሥነ ልቦና ባለሙያ በየሐሙሱ ትመጣለች። ወረቀት ልጻፍልዎ።»

ይልማ ወረቀቱን ተቀብሎ ወጣ። በአውቶብስ ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ጆሮው በተደፈነ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ያስብ ነበር፦ ወይ እያስመሰልክ ነው ብለውኛል፣ ወይ አብደሃል ብለውኛል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል አላወቀም። ወረቀቱን አጥፎ ከፍራሹ ሥር ከተተው።

የመናኸሪያው ማኅበር አላባረረውም። ሌላ ሰው እንዲጣራ አደረጉና ለእሱ ፊሽካ ገዝተው የመኪኖቹን ተራ በመዝገብ እንዲጽፍ ሰጡት። ፊሽካውን አንድ ቀን ነፍቶ ኪሱ ከተተው። ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ነገር ግን ሰው የሚገርም ፍጥረት ነው፤ አንድ ሰው በሹክሹክታ ሲያናግረው እሱም ሳያውቀው በሹክሹክታ ይመልሳል። ይልማ «ማነው ተረኛ?» ብሎ በትንፋሹ ሲጠይቅ፣ ያ እንደ መለከት የሚጮኸው ረዳት ሁሉ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ እንደ ምሥጢር ያንሾካሹክለታል። ሌሎቹ ደግሞ የደነቆረ ይመስል ይጮኹበታል። እየዋለ እያደረ ሁለቱም ሰለቻቸው። መልሱን ለመስማት ጎንበስ ማለት አድካሚ ነው። ጥያቄ ቀረ፣ ቀልድ ቀረ፣ ስድብ እንኳ ቀረ። በመጨረሻ መናኸሪያው በር ላይ ሻይ የሚሸጠው ቃሲም ብቻ በወትሮው ድምፁ ሲያናግረው ኖረ፤ እሱም ቢሆን ደንበኛ ሲበዛበት መልስ ሳይጠብቅ ያልፋል።

ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ልጁ ደወለ። ናሆም በዓመት ሁለት ሦስቴ ቢደውል ነው።

«ሃሎ? አባዬ?»

ይልማ ባለ በሌለ ኃይሉ «አቤት» አለ። ወደ ስልኩ የገባው ትንፋሽ ነበር።

«ሃሎ? … ሃሎ? … ኔትወርክ የለም መሰለኝ» አለ ናሆም አጠገቡ ላለ ሰው፤ ዘጋው።

ይልማ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። መልሶ ይደውል ይሆን ብሎ ጠበቀ። አልደወለም። በሚቀጥለው ሐሙስ ወረቀቱን ከፍራሹ ሥር አውጥቶ ሆስፒታል ሄደ።

የሚያውቀው ሰው ቢያየው የዓይን ሕክምና የመጣ እንዲመስል ብሎ፣ ዓይን ከሚታከሙት ሰዎች አግዳሚ ወንበር ጫፍ ተቀመጠ። ስሙ ሲጠራ እንኳ እንዳልሰማ ሆኖ ዞር ዞር ብሎ ነው የተነሳው። ክፍሏ ድሮ የዕቃ ማስቀመጫ ሳትሆን አትቀርም። ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ መስኮቷም ኒም ዛፍ ላይ የተከፈተች። አልጋ የለም፣ ማዳመጫ የለም፣ መርፌ የለም። ሕመምተኛ የሚታይበት ዕቃ አለመኖሩ አስፈራው።

ባለሙያዋ ፌቨን ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ከጠረጴዛው ኋላ ተነስታ መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ይልማ «ዶክተር» ሲላት ዶክተር እንዳልሆነች ነገረችው፤ እርስዎ ሲላትም አንቺ እንዲላት ለመነችው። እሱ በሹክሹክታ ሲያናግራት አላንሾካሾከችም፣ አልጮኸችምም። በልኳ ታወራለች፤ እሱ ሲናገር ደግሞ ትጠብቃለች። አራት ወር ሙሉ እንዲህ የጠበቀው ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ እሷ ናት ያወራችው። እዚህ የሚናገረው ነገር ከክፍሉ እንደማይወጣ ነገረችው፤ ለዘመድም ለመናኸሪያም ለማንም። «ሁለት ነገር ሲሆን ብቻ ዝም አልልም» አለችው። «ራስዎን ሊያጠፉ ከሆነ ወይም ሰው ሊጎዱ ከሆነ። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ለእርስዎ ነው የምነግረው።» በየሐሙሱ በዚሁ ሰዓት እንደሚገናኙ፣ ሃምሳ ደቂቃ እንደሚቀመጡ፣ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ከተገናኙ በኋላ አብረው እንደሚያዩት አስረዳችው። መድኃኒት አታዝም፤ ካስፈለገ ወደሚያዝ ሐኪም ትልከዋለች። ያልፈለገውን ጥያቄ አለመመለስ ይችላል። እሷ ካልተስማማችው ይህንኑ ቢነግራት አትቀየምም፤ ሌላ ሰው ትፈልግለታለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲያውም ሊብስበት እንደሚችል አልደበቀችውም፤ የቆየ ቁስል ሲነካ ይቆጠቁጣል አለችው።

ስትጽፍ ዓይኑ ደብተሯ ላይ ተተከለ። አየችውና ደብተሩን ወደ እሱ አዞረችለት። ስሙ፣ ዕድሜው፣ «ድምፅ ከነሐሴ ጀምሮ» የሚል ነበር። ሌላ ምንም የለም።

«መቼ ነው ድምፄ የሚመለሰው?» አላት።

«አላውቅም» አለችው። «ዋሽቼ ተስፋ አልሰጥዎትም።»

መልሱ ከፋው። ግን ለአራት ወር ያገኘው ሁሉ «ነገ ይሻልሃል» ሲለው ስለነበር፣ አላውቅም የሚል ሰው ማግኘቱ ራሱ ትንሽ አሳረፈው።

ከዚያ ትጠይቀው ጀመር። እንቅልፍ ይወስደዋል? ይበላል? ይጠጣል? ምግብ የሚበላው ከማን ጋር ነው? ይህቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ያልጠበቃት ነበረች። አሰበ፤ ከማን ጋር እንደበላ ለማስታወስ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሄደ፣ ፋሲካ ላይ ደረሰ። ያኔ እትዬ ፈለቀች ጠርተውት ነበር። ለመሞት አስቦ ያውቅ እንደሆነም እንደ ዋዛ ሳይሆን ዓይኑን እያየች ጠየቀችው። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ራሱን ነቀነቀ፤ ቆይቶ ግን፣ «መሞት አላሰብኩም። መንቃት ነው የሚያስጠላኝ» አላት። እሷም ጻፈችው።

ድምፁ በጠፋበት ሰሞን ምን ተፈጥሮ እንደነበር ስትጠይቀው ግን ብርድ ነው አለ። ብርድ መታኝ። ያን አልጻፈችውም። ሰዓቱ ሲደርስ ይልማ የተታለለ ያህል ተሰምቶት ወጣ፤ መድኃኒት ሊቀበል ሄዶ ጥያቄ ተሸክሞ ተመለሰ።

ሁለተኛው ሐሙስ ከመጀመሪያው ባሰ። ምን ማውራት እንደሚፈልግ ጠየቀችውና ዝም አለች። እሱም ዝም አለ። ባዶ ወንበር ሲያይ እጁ የሚያሳክከው ሰው፣ ባዶ ዝምታ ውስጥ መቀመጥ ጭንቅ ሆነበት። ትመክረኛለች ብሎ ጠበቀ። ሽማግሌ ቢሆን ይመክራል፣ የንስሐ አባት ቢሆኑ ቀኖና ይሰጣሉ፣ ሐኪም ቢሆን ያዝዛል፤ ይህቺ ልጅ ግን ከሦስቱም አንዱን አላደረገችም። ወደ መጨረሻው ላይ አፉን ዘግቶ እንደሚያንጎራጉር ሰው «እምም» እንዲል ጠየቀችው። ሞከረ። ከደረቱ የሆነ ነገር ተነሳ፤ ቆርቆሮ ውስጥ እንደታሰረ ንብ ያለ ድምፅ። የራሱ ድምፅ ነው። ከአልጋ ሥር እባብ እንዳየ ሰው ደንግጦ ተነሳ፣ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

በሦስተኛው ሐሙስ አልሄደም። መዝገቡን ይዞ መናኸሪያ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ላይ መልእክት ገባ፦ «ጋሽ ይልማ፣ የሚመጣው ሐሙስ ሰዓትዎ እንደተያዘልዎት ነው። ፌቨን።» ለምን ቀረህ የሚል ቃል ፈለገ፤ የለም።

በዚያው ሳምንት እትዬ ፈለቀች ሳህናቸውን ሊወስዱ ገብተው የቀጠሮ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አዩት። ማንበብ ይችላሉ። ይልማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«የእብድ ሐኪም ናት ይላሉ» አሉ እትዬ ፈለቀች።

ካርዱን ገልብጠው መልሰው አስቀመጡት።

«እኔ እንጃ። ባለቤቴ የሞቱ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር፣ ሁለት ዓመት ግድግዳ ባላናገርኩ ነበር።» ይህን ብለው ሳህናቸውን ይዘው ወጡ። ይልማ አብሯቸው አንድ ግቢ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሲኖር፣ እኚህ ሴት ግድግዳ ያናግሩ እንደነበር አያውቅም። ለአሥራ አንድ ዓመት በግንቡ ማዶ እሱ ነበር።

በአራተኛው ሐሙስ ሄደ። እንደተቀመጠ፣ ሳትጠይቀው፣ «ብርድ አይደለም» አላት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የማጀቴዋ ሚኒባስ አንድ ሰው ጎድሏት ቆማ ነበር። ሾፌሩ ቸኩሏል፤ ሰማዩ በደጋው በኩል ጠቁሯል። አጥሩ ጥላ ሥር አንዲት ሴት ጥቅሏን ታቅፋ ተቀምጣ አየ። ወዴት እንደሆነች ሲጠይቃት ማጀቴ አለች፤ ግን ሰማዩን አየችና ነገ መሄድ እንደሚሻላት ነገረችው። ይልማ ሥራው ነውና ወተወታት። ዝናቡ ሳይደርስ አንቺ ቤትሽ ገብተሽ ውሃ ትጠጫለሽ አላት። ጥቅሏን ከእቅፏ ተቀብሎ መኪናዋ ውስጥ አስገባው፤ ዕቃዋ ከገባ እሷ ወዴት ትሄዳለች? «አንተ ሰው፣ ምላስህ ጤፍ ይቆላል» ብላው ሳቀችና ተከትላ ገባች። በሩን ዘግቶ የመኪናዋን ጎን ሁለቴ መታ። በማግስቱ ከውሃው የተረፈው የመኪናዋ ረዳት የሞቱትን ሲቆጥርለት «ያቺ መጨረሻ ላይ የገባችው» አለው። ስሟን በኋላ ነው የሰማው። ሙሀባ ትባላለች።

ይህን ሁሉ በትንፋሹ ለመናገር ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ሲጨርስ የሚመጣውን ያውቀዋል። ጥፋቱ ያንተ አይደለም ልትለው ነው። እሱም ይህን ቃል ሊጠላው ተዘጋጅቶ ነበር። እሷ ግን ያንን አላለችም።

«ይህን ለማን ነግረውታል?»

«ለማንም።»

«አራት ወር ሙሉ ብቻዎን ነበሩ ማለት ነው» አለችው።

ይልማ ሊመልስ አፉን ከፈተ። የወጣው ቃል ሳይሆን ልቅሶ ነው፤ ልቅሶው ደግሞ ድምፅ ነበረው። ያ ቆርቆሮ አጥር የሚያልፈው የድሮ ድምፅ፣ ዝጎ፣ ተሰነጣጥቆ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ያሉ ሰዎች ጸጥ አሉ። ፌቨን አልተነሳችም፣ እጁን አልያዘችም፣ በቃዎትም አላለችውም። ሶፍቱን ብቻ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስጠጋችለት። ሲበርድለት «ይቅርታ» ሊላት ሞከረ፤ ያ እንደገና ትንፋሽ ሆኖ ነበር።

እንዳለችውም ባሰበት። በዚያ ሳምንት ምግብ አስጠላው። ሻይ ይዞ ተቀምጦ ሳለ የሴትዮዋ ሳቅ ይመጣበታል። ምነው ባልተናገርኩ እያለ ተቆጨ። በሚቀጥለው ሐሙስ ይህንኑ ነገራት፤ ተቆጥቶ ነበር። ቁጣውንም እንደሌላው ነገር ሁሉ ሰማችው። ከዚያ መተንፈስ አለማመደችው፣ በየቀኑ አምስት አምስት ደቂቃ «እምም» እንዲል ሰጠችው፣ ቤቱ ውስጥ ለብቻው መዝሙረ ዳዊቱን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እንዲያነብ ተስማሙ። ፀበሉንም አልከለከለችውም።

ብዙውን ጊዜ ግን ወደዚያች ቀን ይመለሱ ነበር። ያን ዕለት ያውቅ የነበረውንና በኋላ ያወቀውን እንዲለይ ትጠይቀዋለች። ሾፌሩ እንደቸኮለ ያውቅ ነበር። ወንዙ እንደሚሞላ አያውቅም ነበር።

«ሰማዩ መጥቆሩን ግን አይቻለሁ» አላት አንድ ቀን። «እሷ አየችው፣ እኔም አየሁት። ይህንን አትውሰጂብኝ።»

ፌቨን እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣ «እሺ፣ አልወስድብዎትም። ሰማዩን አይተው መወትወትዎ የእርስዎ ይሁን» አለችው። «ውሃውስ? ውሃውም የእርስዎ ነው?»

ሰዓቱ ደርሶ ነበርና ይልማ ተነሳ። ከሆስፒታሉ እስከ መናኸሪያ በእግሩ ሲሄድ ግን ጥያቄው አብሮት ሄደ። ከዚያም በኋላ ስንት ቀን አብሮት ሄደ።

የካቲት ሲገባ ለቅሶ መድረስ እፈልጋለሁ አላት። ቤተ ሰቧን እንደ አንድ ሰው ሄዶ ማጽናናት ሲገባው ሸሽቷል። ሂድም አትሂድም አላለችውም። ምን ሊያገኝ እንደሚሄድ ጠየቀችው። ይቅርታ ከሆነ ላይሰጡት ይችላሉ፤ ቢያባርሩትስ ያን ቀን ወዴት ይሄዳል? ከማን ጋር ይሆናል? ሁለት ሐሙስ በዚህ ላይ ተነጋገሩ። በመጨረሻ ይልማ ላገኝ አይደለም የምሄደው፣ ያለብኝን ለማድረስ ነው አለ።

ቃሲም አብሮት ሊሄድ ሻይ ቤቱን ዘጋ። መንገድ ላይ፣ በዚያችው በማጀቴ ሚኒባስ ውስጥ፣ ይልማ ሁሉንም በጆሮው ነገረው። ቃሲም ብዙ መንገድ በመስኮቱ ሲያይ ቆየና፣ «በየቀኑ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ሻይ ስትጠጣ» አለ። ከዚህ በላይ አላለም፤ ቅያሜውን ግን ይልማ ሰማው። ወንዙ ጋ ሲደርሱ አሸዋው ደርቆ ነጭ ሆኗል። መኪናዋ ሳትንገጫገጭ አለፈችው።

የሙሀባ ወንድም አብዱሰላም ከማጀቴ ወጣ ብሎ ማሾ የሚያርስ፣ ጢሙን በሒና ያቀላ ሰው ነው። እህቱ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ከእሱ ጋር ነበር የምትኖረው። ቃሲም «አሰላሙ ዐለይኩም» ብሎ ገብቶ ማንነታቸውን ነገረው። አብዱሰላም አጎዛ አነጠፈላቸው፤ ለቅሶ ይዘገያል እንጂ አይቀርም፣ አላህ ይስጣችሁ አላቸው። ያኔ ይልማ ቃሲም እንዲናገርለት አልፈለገም። ወደ ሰውየው ጠጋ ብሎ፣ እየቆራረጠ፣ በትንፋሹ ነገረው። ነገ እሄዳለሁ ብላ እንደነበር። ጥቅሏን እሱ ከእቅፏ እንደወሰደ።

አብዱሰላም ተነስቶ ወጣ።

ቆዩ። ቃሲም ሊነሳ ሲል ይልማ ክንዱን ያዘው። ደጅ ላይ ዶሮዎች ይጭራሉ፤ ሰውየው በረቱ አጠገብ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆሟል። ከብዙ ቆይታ በኋላ ተመልሶ ገባ፤ ዓይኑ ቀልቷል። ቦታው ላይ ተቀመጠና ይልማ ይጠይቀኛል ብሎ ያላሰበውን ጠየቀው።

«ሳቀች ነው ያልከኝ?»

«ሳቀች።»

«ምን ብላ?»

ይልማ ነገረው። አብዱሰላም ቃሉን ለራሱ ደገመው፤ ምላስህ ጤፍ ይቆላል። ከዚያ ምን እንደለበሰች ጠየቀ፤ ደክሟት እንደነበር፣ በልታ እንደሆን፣ ጥቅሉ ከባድ እንደነበር ጠየቀ። ስድስት ወር ሙሉ መኪናዋ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ያናገራት ሰው ፈልጎ አላገኘም ነበርና ይልማን ደግሞ ደጋግሞ አስነገረው። ጥቅሉ ቀላል ነበር አለው ይልማ። ውስጡ ልጁ ጡት ሲጥል እንዲለብሰው የገዛችለት ልብስ እንደነበር አብዱሰላም ነገረው።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለውም። ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው አለ፤ ጥቂት ቆይቶም፣ «ግን ባትወተውታት ደግ ነበር» አለ። ይልማ «አዎ» አለ። ሲሸኛቸው እስከ መንገዱ ድረስ መጣ። ሲሰናበቱ ጨበጠው፤ አጨባበጡ የጎረቤትም የጠላትም አልነበረም።

ድምፁ በአንድ ቀን አልተመለሰም። መጋቢት ላይ አንዳንድ ቃል ጎርነን ብሎ መውጣት ጀመረ፤ መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት፣ ከዚያ ለግማሽ ቀን። ለፋሲካ ለናሆም ራሱ ደወለ። «አባዬ፣ አሞህ ነበር እንዴ?» አለው ልጁ። አዎ፣ አሞኝ ነበር አለው። ሌላ ቀን በረጅሙ እነግርሃለሁ ብሎ ዘጋው፤ ያ ሌላ ቀን እስካሁን አልመጣም። የድሮው ጩኸት ግን በዚያው ቀረ። ማኅበሩ ወደ መጣራቱ እንዲመለስ ሲጠይቀው መዝገቡ ይበቃኛል አለ። ከፌቨን ጋር አሥራ አራት ጊዜ ተገናኝተው አሁን በየሁለት ሳምንቱ ሆኗል። በዚያች ወንበር ላይ ከሙሀባ አልፈው አዳማ ስለሄደው ልጅ፣ ስለዚያ ሁሉ ዓመት ጩኸት፣ ጩኸቱ ምን እንደሸፈነለት ማውራት ጀምረዋል። ይህኛው ከውሃው የበለጠ ረጅም መንገድ ነው።

በቅርቡ ፈይሰል የሚባል የከሚሴ መስመር ሾፌር፣ በራሱ መኪና አደጋ ደርሶበት እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ ቃሲም ሻይ ቤት አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠ። ሆስፒታሉ ውስጥ ይልማን እንዳየው ነገረውና ዙሪያውን አይቶ፣ «ግን ምን ያደርጉሃል?» ብሎ ጠየቀው።

ይልማ አሰበ። «ምንም አያደርጉህም» አለው በዚያ በሰለለ ድምፁ። «ትቀመጣለህ። መጀመሪያ ትዋሻለህ፤ እሷ አትቆጣህም። ሁለተኛ ዝም ትላለህ፤ እሷም ዝም ትላለች። ሲያቅትህ ትቀራለህ፤ ሰዓትህን ለሌላ አይሰጡብህም። ከዚያ አንድ ቀን ትናገረዋለህ።»

«ከዚያ ይሻላል?»

«ከዚያ ይብሳል። በኋላ ነው የሚሻለው። ሁሉም አይሻልም።»

ፈይሰል ብርጭቆውን አሽከረከረ። «ቤት ስትገባስ?»

«ቤቱ ያው ነው» አለው ይልማ። «ብቻህን ነህ። ግን ሐሙስ ሰዓት እንዳለህ ታውቃለህ።»

ፈይሰል አሰብ አድርጎ ክፍሏ በየት በኩል እንደሆነች ጠየቀው። ይልማ ከዓይን ክሊኒኩ ቀጥሎ ያለችው፣ መስኮቷ ኒም ዛፍ ላይ የምትከፈተው መሆኗን ነገረው፤ የሻዩን ሒሳብ ከፍሎም ወደ መዝገቡ ተመለሰ። ፈይሰል በዚያ ሳምንት አልሄደም፣ በሚቀጥለውም። ሲገናኙ ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ ይልማ ግን ነገሩን አንስቶ አያውቅም።